ቀለሙን ያጣው የደላንታ ኦፓልና «ሩቢ ነው» የተባለው ቀይ ፈርጥ

ጥያቄ፦ «ከእናቴ የቀሩኝ ሁለት ቀለበቶች አሉኝ። አንደኛው ወገል ጤና ላይ የገዛችውን ኦፓል ደሴ ወስዳ በ18 ካራት ወርቅ ያሠራችው ነው። ሁለተኛው ከብዙ ዓመት በፊት ከጅዳ ያመጣችው፣ ትልቅ ቀይ ፈርጥ ያለበት ባለ 21 ካራት ቀለበት ነው። ለእህቴ ሠርግ ሂና ስንቀባ ባለ ኦፓሉን አላወለቅሁትም ነበር፤ ውዱእ ሳደርግም ሆነ ሊጥ ሳቦካ ከጣቴ አይወጣም። አሁን በውስጡ የነበሩት ቀይና አረንጓዴ ብልጭታዎች ጠፍተው እንደ መስኮት ጠርቷል፤ በአንድ ጎኑም ቢጫ ሆኗል። ፈርጡን ከያዙት አራት ጥፍሮች አንዱ ተሰብሯል። አንድ ወርቅ ሠሪ ፈርጡን ሳያወጣ እንደሚበይደው ነገረኝ፤ ሌላው ጠርሙስ ነው፣ እውነተኛ ኦፓል ቀለሙን አይለቅም አለኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ የሕፃን ቅባት ውስጥ ዘፍዝፊው አለችኝ። ቀዩ ፈርጥ መስታወት ስለሚቧጭር ሩቢ መሆኑ ተረጋግጧል ተብያለሁ፤ ግን ላልቶ ይንቀሳቀሳል። በሱፐር ግሉ ባጣብቀው ምን ይለዋል?» (ከደሴ)

ምላሽ፦ ከተሰጡዎት አስተያየቶች ትክክል የሆነ አንድም የለም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ፈርጡ ሳይወጣ ይበየድ የሚለው ነው፤ የሌሎቹ ጉዳት በከፊልም ቢሆን ሊታረም ሲችል የእሳቱ ጉዳት አይታረምም። በሁለቱም ቀለበቶች ላይ የተሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፦ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ጥገናው ተወስኗል፤ ወይም ደግሞ ማንነቱ ምንም በማያረጋግጥ ሙከራ ታውቋል ተብሏል።

ከኦፓሉ እንጀምር። ውሃ ነክቶት መጥራቱና ብልጭታውን ማጣቱ ጠርሙስ መሆኑን አያሳይም፤ እንዲያውም የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው፤ ጠርሙስ ውሃ አይጠጣምና። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በወገል ጤና ዙሪያ፣ በደላንታ ገደሎች ውስጥ ከእሳተ ገሞራ አመድ ከተፈጠረው የድንጋይ ንጣፍ እየተቆፈረ የሚወጣው ኦፓል ከአውስትራሊያው በአንድ ዐቢይ ጠባይ ይለያል፤ አብዛኛው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ደረቅ ድርቆሽ ወጥ እንደሚመጥጥ ሁሉ ያገኘውን ፈሳሽ ይመጥጣል። የኦፓል ብልጭታ ከቀለም ንጥረ ነገር የሚመጣ ሳይሆን በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ሉሎች ነጩን ብርሃን ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ሲከፋፍሉት የሚፈጠር ነው። በሉሎቹ መካከል ያለው ክፍተት አየር ሲይዝ በሲሊካውና በአየሩ መካከል ያለው የብርሃን ስብረት፣ ማለትም ብርሃንን የማጠፍ አቅም፣ ልዩነት ሰፊ ነው፤ የአየሩ መለኪያ 1.00 ገደማ፣ የኦፓሉ 1.45 ገደማ ነው። ክፍተቱ መለኪያው 1.33 በሆነው ውሃ ሲሞላ ግን ልዩነቱ ስለሚጠብ ብርሃኑ ሳይከፋፈል ያልፋል፤ ድንጋዩም የጠራና ባዶ መስሎ ይታያል። ሉሎቹ በቦታቸው አሉ፤ ውሃው ሲወጣ ብልጭታው በአብዛኛው ይመለሳል። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ እየራሰ፣ በዚያ ላይ ሳሙናና ሊጥ እየነካው የሚውል ፈርጥ ደግሞ እስኪደርቅ ፋታ አያገኝም።

ቢጫው ጎን ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ ብቻውን ቀለም አይተውም፤ የሂና ቀለም ግን ቆዳን እንደሚያቀልም ሁሉ ቀዳዳ ባለው ድንጋይም ውስጥ ሰርጎ ይገባል። የእጅ ቅባት፣ የጸጉር ቅቤ፣ እርድ ያለበት ወጥ፣ ሽቶና ፈሳሽ ሳሙናም እንዲሁ ያደርጋሉ። በመሆኑም ከእጅዎ ላይ ያለው ድንጋይ ሁለት ችግር ተደራርቦበት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በትዕግሥት የሚለቅ ውሃ፣ ሌላው በራሱ የማይለቅ ቀለም ወይም ቅባት። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ስለሆነ ከዚያ በፊት ምንም ነገር አይሞክሩበት።

ማድረቅ ማለት ግን ማሞቅ አይደለም። ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ወይም የጸጉር ማድረቂያ መጠቀም የላዩን ከውስጡ አስቀድሞ ስለሚያደርቀው ድንጋዩ በራሱ ውጥረት ይሰነጠቃል። ቀለበቱን በንጹሕና ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከቤት ውስጥ ጥላ ቦታ ያስቀምጡት። እንደ ውፍረቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። በመካከሉ የጠራው ድንጋይ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሲደፈርስ ያያሉ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ደረጃ ነው፤ ነገር ግን አየር በከፊል መግባት መጀመሩን የሚያሳይ እንጂ ጉዳት አይደለም። ከዚያ በኋላ ብልጭታው ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ጀምሮ ይመለሳል። መድረቁን በዓይን ከመገመት በሚዛን ማረጋገጥ ይሻላል። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ሚዛን እስከ 0.01 ግራም ያነባል። አንድ ግራም የሚመዝን፣ ማለትም ባለ 5 ካራት የሆነ ኦፓል (የድንጋይ ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ የወርቁ ካራት ግን የጥራት ነው)፣ በውሃ ጠግቦ እስከ 0.1 ግራም ሊጨምር ስለሚችል ለውጡ በሚዛኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ዛሬ ያስመዝኑት፣ በየሳምንቱም በዚያው ሚዛን ይድገሙት፤ ሁለት ተከታታይ ንባቦች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ድንጋዩ ደርቋል ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጥ የደላንታ ኦፓል እንዳይገዙ የምመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው በካራት ዋጋ ይሸጥልዎታል፤ ስንጥቁንም ይደብቀዋል።)

የጎረቤትዎ ምክር የመጣው አንዳንድ ሰዎች የደበዘዘ ኦፓልን በዘይት አብርተው ሲያሳዩ ከማየት ይመስለኛል። ዘይት ቀዳዳዎቹንና ጥቃቅን ስንጥቆቹን ስለሚሞላ ለጊዜው ድንጋዩን ያጠራዋል። ነገር ግን ዘይት እንደ ውሃ አይተንም፤ በውስጡ ይቀራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከጊዜ በኋላም ራሱ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከደረቀ በኋላ ቢጫው ካልለቀቀ ያለው አማራጭ ድንጋዩን ከቀለበቱ አውጥቶ በንጹሕ አሴቶን ደጋግሞ መዘፍዘፍ ነው፤ አሴቶን ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ቅባቱን ያሟሟና በፍጥነት ይተንናል። ይህን ኦፓል መቁረጥና ማለስለስ ለሚያውቅ ሰው ይተዉት። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ከገበያ የሚገዛው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙውን ጊዜ ቀለምና ቅባት የተጨመረበት ስለሆነ ራሱ ድንጋዩን ያበላሻል፤ ድንጋዩ በሙጫ የተደራረበ ከሆነም አሴቶኑ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ቅባትን በተመለከተ ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የሂና ቀለምን ሙሉ በሙሉ አስለቅቃለሁ ብሎ ቃል የሚገባልዎ ሰው ቢገጥምዎት ግን አይመኑት፤ ቀለሙ ከላይኛው ገጽ ብዙም ያልራቀ ከሆነ ጥቂት ተሞርዶና እንደገና ለስልሶ ሊቀነስ ይችላል፤ በጥልቀት የገባ ከሆነ ወይ አብረውት ይኖራሉ፣ ወይ ከድንጋዩ ብዙውን ያጣሉ።

«ታዲያ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?» ቢሉ፣ ውሃ መጠጣቱ ከተራ ጠርሙስና ከአብዛኛው የፕላስቲክ አስመስሎ ሥራ ይለየዋል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ድንጋዩን ከጎኑ ይመልከቱት። በብዙ የደላንታ ኦፓሎች ውስጥ ጫፋቸው ክብ የሆነ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ጣት መሰል ዓምዶች ይታያሉ፤ በዓምዶቹ መካከልም ብልጭታ የሌለው ስስ ኦፓል መረብ ሠርቶ ያልፋል። ፒየር ጊልሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ሰው ሠራሽ ኦፓልም ከጎን ሲታይ ዓምድ አለው፤ ነገር ግን የቀለማቱ ወሰን ስለታምና የተከታተፈ ሆኖ ከላይ ሲታይ የእንሽላሊት ቆዳ የሚባለውን ንድፍ ይሠራል። በጠርሙስ የተሠራው ደግሞ በውስጡ የተጨማደዱ ባለቀለም የብልጭልጭ ወረቀት ቁርጥራጮች የተበተኑበት ይመስላል። ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ የመጋጠሚያ መስመር ካለው፣ ስስ የኦፓል ንጣፍ ከሌላ ነገር ጋር በሙጫ የተጣበቀበት ነው። ጥቁር ሆኖ በማጉያ ሲታይ ጥቁረቱ በላዩ ላይ ብቻ የቀረና በነጥብ በነጥብ የተጠራቀመ ከሆነ በጭስ የተጠቆረ የደላንታ ኦፓል ሳይሆን አይቀርም። በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ኦፓል በጋሸና አካባቢ ስለሚገኝ ግን ጥቁር ሁሉ የተጠቆረ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ደማቅ ሐምራዊ፣ ሮዝ ወይም የሰማያዊ ቀለም እስክሪብቶ የሚመስል መደብ ካለው ያለ ብዙ ክርክር ቀለም የተነከረ ነው እላለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ለሚመረምረው ሰውም ያስፈልጋል። የከበሩ ድንጋዮችን ለመለየት የብርሃን ስብረት መለኪያ ላይ የሚደረገው ዘይት መሰል ፈሳሽ፣ እንዲሁም ድንጋዩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ እፍጋቱን መለካት ለሌሎች ድንጋዮች የተለመዱና የማይጎዱ ሙከራዎች ናቸው፤ ለዚህ ኦፓል ግን አንዱ የሚያበላሽ፣ ሌላው የተሳሳተ ውጤት የሚሰጥ ነው። መርማሪው ፈሳሹን ሊያንጠባጥብ ሲል ይከልክሉት።

አሁን ወደ ብየዳው። የወርቅ መበየጃ እንደ ዓይነቱ የሚቀልጠው ከ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ አልፎ በድንገት ሲሞቅ መውጫ ያጣል፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል ወይም ይፈነዳል። እርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ወይም ድንጋዩን በውሃ እንደራሰ መበየድ የሚሉት መላዎች ለዚህ ድንጋይ አደጋውን ያባብሱታል እንጂ አይቀንሱትም። ከብየዳ በኋላ ወርቁ የሚጠራበት አሲድም ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። በሌዘር የሚበይድ ባለሙያ ካገኙ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ድንጋዩ ሳይወጣ መሥራት ይቻላል፤ ከዚያ ውጭ ግን ድንጋዩ መውጣት አለበት። ሲወጣም የቀሩት ሦስት ጥፍሮች አንድ በአንድ ቀስ እየተባሉ ወደ ውጭ መከፈት እንጂ ድንጋዩ ከሥር ተገፍቶ መፈንቀል የለበትም። ወርቁ ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ለስልሶ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘና ከደረቀ በኋላ ድንጋዩ ይመለሳል። የማለስለሻ ጎማና ቅባት ኦፓሉ በቦታው እያለ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

የተሰበረውን ጥፍር ብቻ መተካት ይቻላል፤ እኔ ግን ዲዛይኑ እንዲቀየር እመክራለሁ። የኦፓል ጥንካሬ በሞስ መለኪያ (የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው) ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን በየመንገዱ አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ 7 ነው፤ ስለዚህ በየዕለቱ የሚደረግ የኦፓል ቀለበት ፊቱ እየተጫረ መደብዘዙ አይቀርም። አራት ጥፍር ደግሞ ጫናውን በአራት ነጥቦች ላይ ያሳርፈዋል። ዙሪያውን የሚያቅፍ ዝቅ ያለ የወርቅ ክፈፍ ጠርዙን ይጠብቃል። ጀርባው ግን ክፍት ይሁን፤ ድፍን ከሆነ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከሁሉም የሚሻለው ኦፓሉን ወደ አንገት ሐብል ጌጥ ማዛወር ነው፤ እጅ እንደሚታጠበው አንገት አይታጠብም። የእናትዎ ቀለበት ስለሆነ ይህን መስማት ደስ ላይልዎት ይችላል፤ ቢሆንም ውዱእም ሊጥም ከማይቀርበት እጅ ላይ ይህ ድንጋይ ጤና አይኖረውም።

ድንጋዩ ሲደርቅ የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች ከታዩበት ግን ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ የሚመልስ ጥገና የለም። ከላይ ብቻ ከሆነ ተሞርዶ ሊነሣ ይችላል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ድንጋዩን ባለበት ትቶ ክፈፉን ብቻ ማስተካከል ይበጃል፤ ቆራጩ ሲነካው ለሁለት ሊከፈል ይችላልና። ስንጥቁን በፈሳሽ ፕላስቲክ መሙላት የሚያውቁ አሉ፤ ያጠነክረዋል፣ ውሃ መጠጣቱንም ያቆማል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ያለ ማብራሪያ ሊሸጥ አይገባውም፤ ሥራው ካላማረም ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

ስለ ቀዩ ፈርጥ የተነገረዎት ከዚህ ይልቅ አጭር ምላሽ ይበቃዋል። መስታወት መቧጨሩ የሚያረጋግጠው ከመስታወት የጠነከረ መሆኑን ብቻ ነው። የመስታወት ጥንካሬ 5.5 ገደማ ሲሆን ኳርትዝ፣ እንዲሁም ጋርኔትና ስፒኔል የተባሉት ሌሎች ድንጋዮች ሁሉም ይቧጭሩታል። ሩቢም 9 ሆኖ ይቧጭረዋል፤ በፋብሪካ የተሠራ ሩቢም ልክ እንደ ተፈጥሮው ይቧጭረዋል፤ ሁለቱም በክሮሚየም የቀላ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ናቸውና። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ ዱቄቱን በነበልባል አቅልጦ ሩቢ የማሳደጉን ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ገበያ በተራ ቀለበት ላይ የሚገኝ ትልቅና ንጹሕ ቀይ ድንጋይ ተፈጥሯዊ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። በአልትራ ቫዮሌት መብራት ደምቆ መቅላቱም አይለየውም፤ ሰው ሠራሹ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይደምቃል። የሚለየው የውስጡ ምልክት ነው። በማጉያ ሲታይ የቀስት ቅርጽ ያላቸው የእድገት መስመሮችና ክብ የአየር አረፋዎች ካሉት የፋብሪካ ነው፤ ቀጥ ያሉ ወይም ማዕዘን የሠሩ መስመሮችና እንደ መርፌ የቀጠኑ ማዕድናት ከታዩበት ወደ ተፈጥሮው ያደላል። ድንጋዩን ዞር ዞር ሲያደርጉት በውስጡ ሰማያዊ ብልጭታ ከስንጥቅ ላይ ከታየ፣ ስንጥቆቹ በእርሳስ መስታወት (እርሳስ የተባለው ብረት በተቀላቀለበት መስታወት) የተሞሉ ሩቢ ነው፤ ይህ እሳትም አሲድም አይችልም፣ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ይበላዋል። ያ የመቧጨር ሙከራ ግን ይቁም፤ ሩቢም ቢሆን ጠርዙ ይሸረፋል።

ሱፐር ግሉው መልካም ሐሳብ አይደለም። ፈርጡ የላላው የያዘው ወርቅ ስለተበላ ወይም ስለተከፈተ ነው፤ ሙጫው ያንን አያስተካክልም፣ በድንጋዩ ሥር ነጭ ጉም ያለብሳል፣ በኋላ የሚጠግነው ሰው ሳያውቅ ቢበይደውም የሚያፍን ጭስ ያወጣል። ባለ 21 ካራት ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥፍሮቹን በመግፊያ መልሶ ማጥበቅ ብቻውን ይበቃል፤ እሳት አያስፈልገውም። ጥፍሮቹ ተበልተው ካጠሩ ግን ይጨመርባቸዋል፤ ማንነቱ እስኪለይ ድረስ ድንጋዩ በእርሳስ መስታወት የተሞላ ነው ብሎ ማሰብና ከእሳት በፊት ማውጣት ይገባል። ንጹሕ ሩቢ እንኳ ሙቀቱን ቢችልም ለብየዳ የሚቀባው ቦራክስ ፊቱን ይበላዋል። ከደሴ ወጥቶ ላቦራቶሪ ማስመርመር የሚያዋጣው በማጉያው የቀስት መስመርም አረፋም ካልታየ ብቻ ነው። የፋብሪካ መሆኑ ከታወቀ ፈርጡን እንደ መታሰቢያ ይያዙት፤ ለመሸጥ ካሰቡ ዋጋው በወርቁ ክብደት እንጂ በድንጋዩ አይተመንም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ኦፓሉን ከዛሬ ጀምሮ አያድርጉት፣ ያድርቁት፣ በሚዛን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በማጉያ ያስመርምሩ፤ ቢጫው ካልለቀቀ ድንጋዩ ከወርቁ ከወጣ በኋላ ወደ ቆራጭ ይሂድ፤ በመጨረሻ ወርቁ ይሠራ። «ሳላወጣው እበይደዋለሁ» ያለዎት ሰው በሌላው ሥራው የተመሰከረለት ቢሆን እንኳ ይህን ቀለበት አይስጡት። ለማንም ቢሰጡ ግን ከመስጠትዎ በፊት ሁለቱንም ቀለበቶች ከላይ፣ ከጎንና ከጀርባ ፎቶ ያንሱ፤ ደረሰኙ ላይ ጠቅላላ ክብደቱ፣ ድንጋዩ ሲወጣም የድንጋዩ ክብደት ብቻውን፣ እንዲሁም «ፈርጡ ከብየዳ በፊት ይወጣል» የሚለው ቃል ተጽፎ ይፈረምበት። የኦፓሉ ክብደት መጻፍ ያለበት ደርቆ ሲመዘን ነው፤ ርጥቡን ካስጻፉ ሲመለስልዎ የጎደለው ውሃ ይሁን ድንጋይ መለየት አይቻልም።